ወንዝ ማዶ የቀረው ምንሽር

የአባቴን ጠመንጃ የነጠቀው ማንም የለም። ራሱ ነው በትከሻው አንግቶ ወስዶ ያስረከበው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰፈር ውስጥ «መንግሥት ቀማቸው» እየተባለ ስለሚወራ ነው። መንግሥት አልቀማንም። መንግሥት ሁለት ነው፤ አባቴ የሚያውቀው ደግሞ አንዱን ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ቤታችን ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ነው። ሕንጻዎቹ የቆሙበት መሬት የእኛና የጎረቤቶቻችን የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ከዚያ ሁሉ የተረፈን ግቢው፣ የጭቃ ቤቱና አጥሩ ላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ናቸው። ከግቢያችን ቁልቁል ሲወረድ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አሁንም ያርሳል። ድሮ ወንዙ ወንዝ ብቻ ነበር። ከብት ይጠጣበታል፣ ክረምት ሲሞላ ሰው ዳር ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል። በኋላ የከተማውና የክልሉ ወሰን ሲካለል ወንዙ ድንበር ሆነና እኛ አዲስ አበባ ገባን፣ አጎቴ ኦሮሚያ ቀረ። ከቤቱ የተነቃነቀ ሰው ግን የለም።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም፤ ሥራ ፍለጋ ስዞር ደግሞ «መታወቂያሽ የየት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነበር በር የሚዘጋብኝ። የከተማው መታወቂያ እጄ በገባ በሳምንቱ ቃሊቲ ሳሙና ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ተቀጠርኩ። አባቴ ግን ካርዱን ሲሰጡት አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው፤ በቃ። ለእሱ መንግሥት ማለት ወንዝ ማዶ ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግብር የከፈለው እዚያ ነው። የቀበሌ ታጣቂ ሆኖ ያገለገለው ለእነሱ ነው። ለምንሽሩም ፈቃድ የሰጡት እነሱ ናቸው።

ምንሽሩ የአያቴ ነበር። አባቴ እንደ ሰው ነው የሚያወራለት። እኔ ግን ወድጄው አላውቅም። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲሞት ለክብሩ ጥይት ይተኮሳል፤ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወደ ሰማይ ያንጣጣዋል። ልጅ ሆኜ፣ የአንድ ሽማግሌ ቀብር ዕለት ከተተኮሱት ጥይቶች አንዱ የጎረቤታችንን ቆርቆሮ በስቶ ገብቶ ቡሆ ዕቃ ላይ አረፈ። የማን ጥይት እንደሆነ አልታወቀም። ሰው ሁሉ «ቡሆውን ገደለው» እያለ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከቡሆ ዕቃው አጠገብ ሕፃን ተኝታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ነገር ሁሉ ተመልሶ እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ለአባቴም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። «አንቺ ከተሜ ነሽ» ይለኛል፤ እዚያው ቤት ነው የተወለድኩት።

ወደድኩትም ጠላሁትም፣ ምንሽሩ ያበላን ነበር። መሬቱ ሲሄድ አባቴ በሬውን ሸጠና ቃሊቲ ወርዶ ጥበቃ ሆነ። ቃሊቲ መጋዘን ያለው ነጋዴ ጥበቃ ሲቀጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው «መሣሪያ አለህ?» ብሎ ነው። ዓይንህ ያያል ወይ፣ ጉልበትህ ይሮጣል ወይ የሚል የለም። ጋሪ ነጂ ከነጋሪው እንደሚቀጠር ሁሉ ጥበቃም የሚቀጠረው ከነጠመንጃው ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው በር ይከፍታል፣ ግቢ ይጠርጋል፤ ባለመሣሪያው ወንበር ይሰጠዋል፣ ደመወዙም ከፍ ያለ ነው። አባቴን የቀጠሩት የስልጤ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት ያከማቹበት መጋዘን በር ላይ አባቴ ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። በሥራ ዘመኑ አንድም ጊዜ አልተኮሰም። ጥይቶቹ ራሳቸው ከእኔ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ስለሚመስለኝ ቢተኩስም ይፈነዱ እንደሁ እጠራጠራለሁ። ግን ማንም ሊሞክረው አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒካፕ በሰፈራችን አለፈች። መሣሪያ ያለው ሁሉ በአቅራቢያው ወዳለ ፖሊስ ቀርቦ ያስመዝግብ፣ ያላስመዘገበ በአዋጁ መሠረት ይጠየቃል እያለች በአማርኛም በኦሮምኛም ለፈፈች። አዋጁ የፌዴራል ነው፣ መኪናዋ የከተማው ናት። አባቴ አጥር ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ጆሮው ጤነኛ ነው። እኔ ውስጥ ልብስ አጥብ ነበር። በእረፍት ቀኔ አብረን ሄደን እናስመዘግባለን ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልነገርኩትም። ምን ያጣድፈዋል ብዬ ነው።

ሰኞ ከጠዋት ሺፍት ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ምንሽሩ የሚሰቀልበት ምስማር ባዶ ነው።

«ጠመንጃው የታለ?» አልኩት።

«አስመዘገብኩት።»

«ያስመዘገበ ሰው እኮ ይዞ ይመለሳል።»

«በአደራ ተቀበሉኝ።»

ቤት ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው። በየትኛውም ቋንቋ ግን «ማን?» ብዬ ስጠይቀው የመለሰልኝ ያው ነው፦ ወንዝ ማዶ ያሉት። የተባለውን ሰምቶ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ፖሊስ የሚለውን ሰምቶ፣ ምንሽሩን አንግቶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ክልሉ ወረዳ ሄዷል። «ምን ልትሠራ?» ስለው እንደ ሞኝ አየኝ። ፈቃዱን የሰጠህ ነው የሚጠይቅህ፣ ስለ ጠመንጃዬ ለማላውቀው ሰው ምን ብዬ አወራለሁ፣ አለ። ወረዳው መታወቂያ ሲጠይቀው የከተማውን አወጣ። በሕጉ መሠረት ከሌላ አስተዳደር ያለ መሸኛ መሣሪያ ይዞ የገባ ሰው ማለት ነው፤ ሊያስሩትም ይችሉ ነበር። ሽማግሌ ስለሆነና ስለሚያውቁት ብቻ ጠመንጃውን ተቀብለው፣ መረከቢያ ወረቀት ሰጥተው ሸኙት። እሱም አመስግኗቸው ተመለሰ። ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ እንባ የቀላቀለ ሳቅ ነው።

«ነገ ሄደን እናምጣው» አልኩት። አደራ በተሰጠ ማግስት አይጠየቅም፣ ነውር ነው አለኝ። እንዲህ እያለ ጥቂት ቀን አሳለፈ። በነዚያ ቀናት መጋዘኑ በር ላይ ዱላውን በጋቢው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይቀመጥ ነበር፤ ለሚያልፍ ሰው አፈሙዝ ይመስላል ብሎ።

ሐጂ ግን የሚያልፍ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ከፋብሪካ ስወጣ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ለአባቴ መናገር አፍረው ነው እኔን የጠሩት።

«ልጄ፣ በጋቢ ዱላ የሚተኩስ ሰው እስካሁን አላየሁም» አሉ። «አባትሽን አከብራለሁ። ግን ዕቃው የእኔ ብቻ አይደለም፣ ሸሪኮች አሉበት። ጥበቃው ባዶ እጁን ነው የሚል ወሬ ከወጣ ሌባ ቀጠሮ ይይዝልኛል። ይህ ወር እስኪያልቅ ጠመንጃው በፈቃድ ይምጣ። ካልመጣ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

ተቆጥተው ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። በትሕትና የተነገረ ነገር መልስ የለውም። እሺ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ይህን እሺ ለመፈጸም የሮጥኩት ሩጫ ነው።

ከሱፐርቫይዘሬ ፈቃድ ለምኜ ከአባቴ ጋር ወንዙን ተሻገርን። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ያገኘነው ሰውዬ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፤ ጠባብ ጂንስ ለብሷል። አባቴን አንቱ እያለ ተነሥቶ ወንበር ሰጠው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ እጣላው ነበር። አባቴ መጀመሪያ የጠየቀው ጠመንጃውን ልየው ብሎ ነው። ልጁ ቁልፍ አውጥቶ የዕቃ ክፍሉን ከፈተ። ምንሽሩ አሮጌ ወንበሮች መሃል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ማንገቻው ላይ ካርቶን ታስሮበታል። አባቴ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠረገና «ዘይት አልቀባችሁትም እንዴ?» ብሎ ልጁን ተቆጣው። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። እውነቴን ነው፣ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ የነገረን ይህን ነው። አባቴ አሁን የክልሉ ነዋሪ አይደለም፤ ስለዚህ የድሮው ፈቃድ አይታደስም። ለሌላ አስተዳደር ነዋሪ ደግሞ ዝም ብሎ መሣሪያ አንሥቶ መስጠት አይቻልም። የከተማው ፖሊስ «ይህ ሰው የእኛ ነው፣ መሣሪያውን ላኩልን» የሚል መሸኛ ከጻፈ ግን ወዲያው ይለቃሉ። ቀላል መሰለኝ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አባቴን «በቃ አለቀ» አልኩት። እስከ ዛሬ ያን ቃል ሲያስታውሰኝ ነው የሚኖረው።

የከተማው ፖሊስ ጋ ወረፋ ከያዝን በኋላ ያገኘናት ሴትዮ ጎልማሳ ኢንስፔክተር ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ቆሎ አለ፣ ለአባቴም ዘግናለታለች። መረከቢያውን አነበበች፣ መታወቂያውን አየች።

«መሸኛ የምጽፈው ለማውቀው መሣሪያ ነው» አለች። «ይሄን አላውቀውም።»

«እንድታውቂው ነው እኮ የምንለፋው።»

«አምጪውና ልየው።»

«ለማምጣት መሸኛ ያስፈልጋል።»

«መሸኛ ለመጻፍ ደግሞ መታየት አለበት» አለችና ራሷም ሳቀች። የሰለቻት ሳቅ ነው። በቀን ስንት ሰው ይህን እንደሚላት እግዜር ይወቅ።

እኔ አላረፍኩም። አዋጁ የፌዴራል አይደል ወይ አልኳት። ፌዴራል ማለት ለእነሱም ለእኛም አንድ ማለት አይደል? አዎ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን ሁሉም በየክልሉ ነው አለች። ወረዳው የሰጠውን ፈቃድ እኔ ብቀበል ነገ ሌላው ክልል የሰጠውን ሁሉ ልቀበል ነው፣ ከተማው በየክልሉ ፈቃድ ሊሞላ ነው አለችኝ። ይህ ገባኝ። ሳይዋጥልኝ ገባኝ።

«ቤታችን እኮ ከቦታው አልተነቃነቀም» አልኳት።

«ቤታችሁን ማን ከሰሰው?»

አባቴ ቆሎውን እየቆረጠመ ሳቀ። እኔ እነሱን ሳይ ደከመኝ። ልትሸኘን ስትነሣ ግን በሩን ገፋ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና እስከዚያ ማንም ያላለንን አለችን።

«እህቴ፣ አትልፊ። መሸኛው ቢጻፍ፣ መሣሪያው እዚህ ቢመጣ እንኳ አሁን ባለው አሠራር በግል ጠመንጃ የድርጅት ጥበቃ አይቆምም። ድርጅቱ በራሱ ስም አስፈቅዶ ያስታጥቃል። አባትሽ ከነጠመንጃቸው የሚቀጠሩበት ጊዜ አልፏል።»

አባቴ አማርኛ በደንብ ይሰማል። እጁ ላይ የቀረውን ቆሎ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ቃሊቲ ላይ ተሳቢ መኪና መሃል ተሰንጎ ቆመ። በመስኮቱ አየሁ። አንድ ጥግ የፌዴራል ፖሊስ፣ ወዲያ የከተማው፣ ሲኖ ትራክ የሚያጅብ ዩኒፎርሙን የማላውቀው ሌላ። ሁሉም አንግተዋል። ሁሉም ከአባቴ ምንሽር የተሻለ ነው ያነገቱት። እኔ ጠመንጃ የምወድ ሰው አይደለሁም። ነገ ከአገሩ ሁሉ ይሰብሰብ ቢባል እኔ ነኝ መጀመሪያ የማጨበጭበው። ከሁሉም ይሰብሰብ ግን። የአባቴ ብቻ አሮጌ ወንበር መሃል ቆሞ፣ እሱን ለማስለቀቅም ለመውረስም ሥልጣን ያለው ሰው ጠፍቶ ሲቀር፣ ይህ ትጥቅ ማስፈታት አይደለም። ምን እንደሚባል አላውቅም። ለመጣላት ሰው ብፈልግ የወረዳው ልጅ ጨዋ ነው፣ ሴትዮዋ ቅን ናት፣ ሐጂም ትክክል ናቸው። ሁሉም ትክክል የሆነበት ነገር ነው ሰውን የሚያደክመው።

ማታ ራት ላይ አባቴ ጠየቀኝ። ወደ ማዶዎቹ መታወቂያ ብመለስስ? አለ። ትመለሳለህ፣ አልኩት፣ ከዚያ ጠመንጃውን እዚያው ማዶ ትይዘዋለህ፣ ይዘኸው ግን ወደዚህ አትሻገርም። ለተነሡ ገበሬዎች ይሰጣል የተባለው ምትክ ቦታም የከተማው ነዋሪ ካልሆንክ ይቀራል፤ ስንት ዓመት የጠበቅከው። ቆጠረው፣ በልቡ።

«ስለዚህ ጠመንጃው አይሻገርም።»

«አይሻገርም።»

«እኔስ?»

«አንተ እንደልብህ ነህ።»

«ለመንግሥት ላስረክበውና ይውጣልኝ?»

«ለየትኛው?» አልኩት። ክፋቴ ነው።

በማግስቱ ሐጂ ጋ ብቻዬን ሄጄ እንደማይመጣ ነገርኳቸው። ቀድመው ሰምተው ነበር መሰለኝ፣ አልደነቁም። ከኤጀንሲ የታጠቀ ሰው ሊያመጡ ነው። አባቴ ከፈለገ ቀን ቀን ለመኪና በር ይክፈት፣ ደመወዙ ግን የባዶ እጅ ነው አሉ። ለአባቴ ስነግረው «አስብበታለሁ» አለ። በር መክፈት ነውር አይደለም፤ ግን ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ጠመንጃ አጋድሞ ተቀምጦ እያየው ነው የሚከፍተው። ያሰበው ይህን ነው፣ ሳይነግረኝም አውቃለሁ።

በመካከሉ የወረዳው ልጅ ደወለ። ጠመንጃው ዕቃ ክፍል ውስጥ እንዲዝግ አልፈለገም፤ አባቴ የተቆጣው ተሰምቶት ይሆናል። በክልሉ ነዋሪ የሆነ፣ ወንጀል የሌለበት የሥጋ ዘመድ ካለ በስሙ ሊዛወርለት ይችላል አለኝ። ዘመድ አለ። አጎቴ አለ። ችግሩ አባቴና አጎቴ ከተኳረፉ ዘመን ማለፉ ነው።

የተኳረፉት በበሬ ነው። ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ፤ አንዱ አንድ በሬ፣ ሌላው አንድ በሬ ያወጣና በጥምዱ ተራ በተራ የሁለቱም ማሳ ይታረሳል። የአባቴ መሬት ለኮንዶሚኒየም ሲሄድ አባቴ በሬውን ሳያማክረው ሸጠ። አጎቴ በእርሻ ወቅት በአንድ በሬ ቀረ። አንድ በሬ የሚያርሰው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ አባቴን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ዘበኛው እንዴት ነው?» እያለ ነው የሚጠይቀኝ።

እሁድ ሄድን። አጎቴ ደጁ ላይ ሽምብራ ይወቃል። አባቴን ሲያይ ዱላውን አላስቀመጠም።

«የከተማ ሰው» አለ፣ «ጫማህን ጭቃ ነካው።»

«ጭቃው የአንተ ወገን ነው፣ ልመልስልህ ነው የመጣሁ» አለ አባቴ።

አጎቴ ሳይወድ ፈገግ አለ። ሚስቱ እርጎ ሰጠችን። ጨዋታው በሰው ጤና፣ በዝናብ፣ በማዳበሪያ ዞሮ ዞሮ ሲያልቅ አባቴ ነገሩን አወጣው። አጎቴ እያዳመጠ ገለባውን በእጁ ያነፍስ ነበር።

«በሬውን ስትሸጥ አልጠየቅከኝም» አለ ሲጨርስ። «ጠመንጃውን ለመስጠት ግን መጣህ።»

«ልሰጥህ አይደለም። እንድትይዝልኝ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። አባቴ ወረዳውንም በአደራ ብሎ ነው የተመለሰው፤ ደግሞ በሌላ አደራ ራሱን እንዲያታልል አልፈለግኩም።

«አባዬ፣ መያዝ አይደለም» አልኩት። «ከፈረምክ የእሱ ነው። ነገ ቢሸጠው መክሰስ አትችልም።»

አባቴ አላየኝም። አጎቴ ነው ያየኝ፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞረ።

«ልጅህ አልዋሸችም። በስሜ ከገባ የእኔ ነው፣ ከእኔ በኋላ የልጄ ነው። ይሄን ሰምተህ ከሆነ እሺ። ሳትሰማ ከሆነ ግን በኋላ እንደ በሬው እንዳንሆን።»

አባቴ እርጎውን ጨረሰ። ብርጭቆውን በጥንቃቄ መሬት አስቀመጠ።

«ሰምቻለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «ጭስ ያለበት ቤት አትስቀለው። ብረቱ ይበላል።»

ወረዳው ጋ ሐጂ ያሉት ወር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሄድን፤ ሦስታችን። የወረዳው ልጅ የማዛወሪያውን ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀን። አባቴ ማንበብ ይችላል፤ ፊደሉ ደቂቅ ስለሆነበት ግን እኔ አነበብኩለት። ባለንብረቱ በራሱ ፈቃድ ለወንድሙ አስተላልፏል የሚል ቦታ ስደርስ በእጁ አስቆመኝ።

«በራሱ ፈቃድ ይላል?»

«ይላል።»

እስክሪብቶውን ይዞ ልጁን አየ፣ አጎቴን አየ፣ እኔን አየ። የሚከራከር መሰለኝ። ቢከራከር ኖሮ አብሬው እከራከር ነበር፣ ተዘጋጅቼ ነበር። ፈረመ። ፊርማው ከድሮውም ያምራል፤ የቀበሌ ታጣቂ ሳለ የተማረው ነው።

አጎቴ ምንሽሩን ተቀበለና ከቢሮው ወጣን። ደጅ ላይ ቆሞ ማንገቻውን ካስተካከለ በኋላ አውልቆ ለአባቴ ዘረጋለት።

«እስከ ወንዙ ያዘው» አለው። «ትከሻዬን አመመኝ።»

ትከሻውን ምንም አላመመውም። አባቴ ያውቃል። ያዘው። ሁለቱ ከፊቴ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ስለ እርሻ ነበር የሚያወሩት፤ አጎቴ የአዲሱ መቀናጆው በሬ ሰነፍ እንደሆነ ያማርራል፣ አባቴ ድሮ የእሱ በሬ እንዴት እንደነበር ያስታውሰዋል። እኔ ከኋላ እየሄድኩ ድልድዩ ቢርቅ ብዬ ተመኘሁ፤ ለዚያ ጠመንጃ እንዲህ ይሰማኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አባቴ መቀርቀሪያውን ስቦ ባዶ መሆኑን አረጋገጠና ሰጠው። ተሳሳሙ። አጎቴ ወደ ዳገቱ ዞረ።

ወዲህ ተሻግረን ወደ ሰፈራችን በሚወጣው መንገድ ላይ የከተማው ፖሊሶች ፍተሻ አቁመዋል። ከማዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይፈተሻል፤ ለመሣሪያ ነው አሉ። እኔን አንዲት ሴት ፖሊስ ቦርሳዬን አይታ አሳለፈችኝ። አባቴን የያዘው ወጣት ነው፤ እጅዎን ከፍ ያድርጉ አለው። አባቴ ጋቢውን በሁለት እጁ እንደ ክንፍ ዘረጋ። ልጁ ብብቱን፣ ወገቡን፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዳሰሰው።

«መሣሪያ ይዘዋል አባት?»

«ካገኘህ ንገረኝ» አለው አባቴ።

ልጁ አልገባውም፣ ግን ሳቀ። «ይለፉ» አለ።

አለፍን። ጥቂት እንደሄድን አባቴ ጋቢውን መልሶ ተከናነበና፣ እንደ ዘበት፣ ነገ ስትወርጂ ለሐጂ በሩን እከፍታለሁ ብለሽ ንገሪልኝ አለኝ።

«ራስህ ንገራቸው» አልኩት። «እኔ የጠዋት ሺፍት አለኝ።»

እሺ አለ። እኔ ደክሞኝ ቀስ እያልኩ ነው፤ እሱ ቀድሞኝ ኮረኮንቹን ወጣ።